ዙህራን ማን ይዳራት?

ፒያሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፋሩቅ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህ እንዴት ነው? የቦንጋ ዝናብ አባራ ወይስ አሁንም ጫማህ አይደርቅም? ተማሪዎችህስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ሱቄም እንደ ቆሙ ናቸው።

ስልክህን ያላነሳሁት ታምሜ አይደለም። ስልክ ላይ ድምፅህ ይሰበራል፤ አንተ ስትሰበር እኔ «እሺ በቃ፣ ይሁን» እላለሁ፤ ከዘጋሁት በኋላ ምኑን እሺ እንዳልኩ አላውቅም። ስለዚህ በወረቀት እንነጋገር። ደበሳይ በሳምንት ሁለቴ አውቶብሱን ይዞ ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ደብዳቤ አደርሳለሁ ብሎኛል። የታመነ ሹፌር ነው።

መጽሐፍህን እንዴት አገኘሽው ላልከኝ፤ አላነበብኩትም፣ ሰማሁት። ሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በሬዲዮ ይተርኩታል። ክርና ዚፕ፣ ቁልፍና ገበር የምሸጥ ሴት መሆኔን ረሳኸው እንዴ? የፒያሳ ልብስ ሰፊ ሁሉ እኮ ሬዲዮ ከፍቶ ነው የሚውለው። ትረካው ሲጀምር የስፌት መኪናው ሁሉ ቀጥ ይላል። ሲያልቅ ባንኮኒዬ ላይ ተደርድረው ይከራከራሉ። የሙሽራ ቬሎ የምትሰፋዋን ዓለምጸሃይን ታውቃታለህ። «ዙህራን ሳይድሯት ታሪኩን ከጨረሱት እኔ ራሴ ሬዲዮ ጣቢያ እሄዳለሁ!» ብላ መቀሷን ወረወረችው። ደግነቱ ሰው አልነካም።

እኔም አብሬ ስቄ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ግን ተራኪው «ዙህራ በግራ እጇ ገበር ስትቀድ» የሚለው ጋ ደረሰ። ዓለምጸሃይ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በግራ እጄ ገበር እየቀደድኩ ነበር። አንተ ልጅ፣ ስሜን ስትቀይር ምነው እጄንም ብትቀይርልኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደ ገባ ሰው በቀስታ ያናግረኛል።

ይህም አልበቃኝ ብሎ ቅዳሜ ስድስት ኪሎ ስለ መጽሐፍህ ውይይት አለ ሲሉ ሄጄ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ወጣት ተነስቶ፣ ትዳር የዲን ግማሽ ነው፣ ወንድሟን ካሳደገች በኋላ ደራሲው ሊድራት ይገባ ነበር አለ። አንዲት አስተማሪ ደግሞ፣ የለም፣ ዙህራ የኅብረተሰቡ ሰለባ ናት፣ ወንድምሽን አሳድጊ ተብላ ዕድሜዋን ተነጥቃለች አለች። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ፤ ተጯጯሁ። እኔን የገረመኝ ሁለቱም ወገን ያለቀሱልኝ መሆኑ ነው። አንድ ሰው እንኳን ተነስቶ «ልጅቷ ደህና ብትሆንስ?» አላለም።

ተቀይሜሃለሁ ማለቴ አይደለም። ትንሽ ተቀይሜሃለሁ።

እህትህ መይሙና


ቦንጋ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ መይሙና፤

ወዐለይኩሙ ሰላም። ዝናቡ አላባራም፤ ጫማዬም አልደረቀም።

ስለ እጅሽ ይቅርታ። ስለ መስኮቱም፣ ስለ ባንኮኒውም ይቅርታ። ስጽፍ ቀይሬያለሁ ብዬ አስቤ ነበር፤ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጽሐፉን ገልጬ ሳየው ከስምሽ በቀር የቀየርኩት ነገር የለም።

ለምን እንደጻፍኩት ልንገርሽ። እማዬ በሞተችበት ዓመት፣ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አንቺን ሊጠይቁ የመጡ ቀን መጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አባዬ «እናቷ ሞታለች፤ ልጁ ሕፃን ነው፤ እሷ ከሄደች ማን ያሳድገዋል?» ሲላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ አለቀሱ። እነሱ ሲወጡ አንቺ ግቢ ውስጥ የእኔን የትምህርት ቤት ሸሚዝ እያጠብሽ ነበር። ሃያ ዓመትሽ ነበር፣ እትዬ። እኔ ሃያ ዓመት ሲሞላኝ ያ ሸሚዝ ትዝ አለኝና መኝታ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። ዕድልሽን የበላሁት እኔ ነኝ። ሌላ ምንም ማድረግ ስላልቻልኩ ጻፍኩት።

በፖስታው ጀርባ ለጠየቅሽኝ ለሁለቱ ጥያቄዎች፤ ጓደኛዬ ኢልሀም ደህና ናት። የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ የሲንም ስልክ ቁጥሬን ከአንቺ ወስደው ደውለውልኛል፤ ለሰላምታ ነው።

ወንድምሽ ፋሩቅ


ፒያሳ፣ ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፋሩቅ፤

ሰላምታውን ዛሬ ዝለለው።

ትናንት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሐጂ የሲን ሁለት ሰው አስከትለው ቤቴ መጡ። ሻይ አቀረብኩ። ስለ አዲሱ መንገድ፣ ስለ ፈረሱት ቤቶች፣ ማን የት እንደ ገባ አወሩ። ከዚያ ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ወሊይሽ ይሁን ብሎናል፣ አልሐምዱሊላህ፤ የቀረን ያንቺን ቃል መስማት ነው» አሉ።

ወሊይሽ! አባዬ ከሞተ ወዲህ ስለ እኔ ቃል የሚሰጥ ወሊይ ያለኝ ቦንጋ ተቀምጦ ልቦለድ የሚጽፈው ነው። ለሰላምታ ነው አልከኝ፤ አይ ሰላምታ!

ሰውዬው ሸምሰዲን ነው፤ ያ አትክልት ተራ ሽንኩርት ያከፋፍል የነበረው፣ ሚስቱ ከሦስት ዓመት በፊት የሞተችበት። እሱንም ቢሆን የቀሰቀሱት እነሱ ናቸው። ሐጂ ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጄ፣ ሬዲዮውን ስሰማ እንባዬ መጣ። አፍንጫችን ሥር ተቀምጠሽ ስትጠብቂ አለማየታችን ወንጀል ነው።» ሰውዬው እኮ ስንት ጋብቻ ያስማሙ፣ ስንት ነገር የዳኙ ትልቅ ሰው ናቸው። አንተ የጻፍከውን ከእኔ አፍ የወጣ አድርገው ወሰዱት።

«ምን ትያለሽ?» ሲሉኝ ምላሴ ከትናጋዬ ተጣበቀ። ንዴት ነው፣ ወላሂ ንዴት ነው፤ በአንተ። አፌን ብከፍት እጮህ ነበርና ወለሉን እያየሁ ዝም አልኩ። ሐጂም ፈገግ አሉ። «የልጃገረድ ዝምታ ፈቃዷ ነው» ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። አሚን፣ አሚን ተባለ። ረመዷን ሳይገባ ኒካሁ ይታሰራል ብለው ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ። እኔ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ቀረሁ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ በዝምታ ተዳርኩልህ!

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ለእኔ ሳትነግረኝ እሺ ያልካቸው ምን ነክቶህ ነው?

መይሙና


ቦንጋ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፤

የምትይኝን ሁሉ በይኝ፤ ይገባኛል። ዋሽቼሻለሁ።

ምን ነካህ ላልሽኝ፤ ሐጂ ሲደውሉ የዙህራን ሰርግ እየጻፍኩ ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ሁለተኛ ክፍል ጠይቆኛል። በየቀኑ ሰው እየደወለ «ትዳር፣ ትዳር» ይላቸዋል። ሃያ ገጽ ደርሼ ነበር፤ ዙህራ እጇን ሒና ተቀብታ ሴቶቹ እየዘፈኑላት፣ ወንድሟ በር ላይ ቆሞ እያለቀሰ። ስልኩ ጮኸ። ሐጂ «ይህችን ልጅ እንዳራት፤ አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ስለ የትኛዋ እንደሆነ እንኳን አልለየሁም፤ «እሺ፣ ሐጂ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። እንዳልጠይቅሽ ያደረገኝ ግን እምቢ ትዪኛለሽ የሚለው ፍርሃት ነው፤ አንቺ ለራስሽ አንድም ነገር ተቀብለሽ አታውቂም። አሁን ደግሞ ቃል ወጥቷል። ሐጂ እንደ አባታችን ናቸው። ቃሌን መልሱልኝ ብላቸው በየትኛው ፊቴ ፒያሳ እመጣለሁ?

ሸምሰዲን ምን ይወጣለታል? ይጠጣል? ይማታል? የሰማሽው ነገር አለ? ካለ ንገሪኝና ዛሬውኑ አፈርሰዋለሁ። ከሌለ ግን እባክሽ እትዬ፣ እሺ በይ። ለእኔ ብለሽ የተውሽውን እንድመልስልሽ ፍቀጂልኝ። እምቢ ካልሽም ምክንያት ስጪኝ፤ ለሐጂ ባዶ እጄን አልቀርብም።

ፋሩቅ


ፒያሳ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፋሩቅ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ምክንያት ስጪኝ ያልከውን ደብዳቤ ሦስቴ አነበብኩት።

ሸምሰዲን አይጠጣም፣ አይማታም። ሰውዬው ወርቅ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሱቄ መጥቶ አምስት ሜትር ላስቲክ ገዛ። ለምን እንደሚሆነው ስጠይቀው ግራ ገብቶት «ለ… ለቤት» አለኝና የመጣበትን ጉዳይ እንኳን ረስቶ ወጣ። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አሳዘነኝ። ይህን ሰው ማንም ሴት ብታገባው አትጎዳም።

እኔ ግን ሳልነግርህ የኖርኩት ነገር አለ። ተቀመጥና አንብበው።

መጋረጃው ጀርባ ሆነህ የሰማኸው እውነት አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው አባዬ ጠርቶ ጠየቀኝ። «አልፈልግም» አልኩት። «የጠየቀሽን ልጅ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ ማግባቱን ነው» አልኩት። አልተቆጣም፣ ግራ ገባው እንጂ። «ይህ እኮ ለሰው አይነገርም፣ ልጄ» አለኝ። እውነቱን ነው። ሴት ልጅ የማትፈልገው የሰውዬውን ኑሮ ቢሆን ይነገራል፣ ጠባዩን ቢሆን ይነገራል። ልጄ ትዳር አትፈልግም ብሎ ሽማግሌ የሚመልስ አባት ግን ማን አይቶ ያውቃል? ስለዚህ አንተን ሰበብ አደረገ። «ልጁ ሕፃን ነው» አለ። አለቀሱ፣ መረቁኝ፣ ሄዱ።

ፋሩቅዬ፣ ሽማግሌ የላከው ሰው እኮ «ወንድሟን ይዛ ትምጣ፣ እንደ ልጄ አሳድገዋለሁ» ብሎ ልኮ ነበር። አባዬም አውቋል፣ እኔም አውቄያለሁ። አንተ አላገድከኝም። አንድም ቀን አግደኸኝ አታውቅም።

መጀመሪያ አፈርኩ። ከዚያ ተመቸኝ። ሰርግ ቤት ስሄድ ከእናቶች ጋር ያስቀምጡኛል። «ወንድሟን ያሳደገች» ሲባል ሰው ከመቀመጫው ይነሳልኛል። አንድ ሰው ለምን አላገባሽም ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ያላገባች ሴት ወይ ታሳዝናለች ወይ ታስፈራለች ፋሩቅ፤ ሦስተኛ ወንበር አላስቀመጡላትም። እኔ ማሳዘኑን መረጥኩ፤ የሚያዝኑላትን ሴት ማንም አይነካትም።

አንተ ግን እያደግህ «በእኔ ነው» እያልክ ስትንሰፈሰፍ አየሁ። ልነግርህ ስንቴ አፌን ከፍቻለሁ። ብነግርህ በልብህ የሰጠኸኝን ቦታ የምትወስድብኝ እየመሰለኝ መልሼ ዘጋሁት። ያሳደግኩህ ስለምወድህ ነው፤ እሱ አልተዋሸም። ለአንተ ብዬ ተውኩ የተባለው ግን ውሸት ነው፤ ውሸቱን የኖርኩበት እኔ ነኝ። አፉ በለኝ።

ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ ትለኝ ይሆናል። ያለኝን ነዋ! ጠዋት የሱቄን በር ራሴ ስከፍት ደስ ይለኛል። ማታ ቤቴ ገብቼ ከማንም ጋር ሳላወራ ጋደም ስል ደስ ይለኛል። ወንድ ጠልቼ፣ ትዳር ንቄ አይደለም፤ የሰው ሰርግ እወዳለሁ፣ ለዓለምጸሃይ ሙሽሮች ዳንቴል የምመርጠው እኔ ነኝ። ዙህራ መስኮት ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ታያለች ብለሃል። እኔም እቆማለሁ። ንፋስ ልወስድ ነው።

አሁን ለሐጂ ጻፍ። ቃሉን የሰጠኸው አንተ ነህና አንተው መልሰው። እኔ ፊታቸው ስቀርብ ምላሴ ይታሰራል፤ ሲታሰር ምን እንደሚሆን አይተኸዋል። ግን በደም ብዛቴ እንዳታሳብብ፣ በዕድሜዬም እንዳታሳብብ። ሌላ ሰበብ ተሸክሜ ሌላ ሃያ አራት ዓመት መኖር አልችልም። እንዳለ ጻፈው።

እህትህ መይሙና


ቦንጋ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ፤

ደብዳቤሽን መምህራን ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። የሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ አላስተማርኩም።

ተቆጥተሃል ወይ ብለሽ በደበሳይ ልከሽብኛል። አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። ስላላገባሽ አይደለም። ያንቺ ሕይወት ነው፤ ደስ ብሎሽ መኖርሽን በመስማቴ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ ይህን እመኚኝ። የተቆጣሁት በሌላ ነው፤ ያልነገርኩሽን ልንገርሽ።

ኢልሀም ደህና ናት ብዬሽ ነበር። ደህና ናት። ባለፈው ሐምሌ አገባች፤ ሌላ ሰው። ሰባት ዓመት ጠበቀችኝ። በየዓመቱ «ለአባቴ ሽማግሌ ላክ» ትለኛለች፤ በየዓመቱ «እትዬ ሳትዳር እኔ ሰርግ ደግሼ ፊቷ እንዴት እቀመጣለሁ?» እላታለሁ። ይገባታል፤ ጥሩ ልጅ ናትና ዝም ትላለች። የመጨረሻው ቀን አውቶብስ መናኸሪያ ሸኘችኝና «እህትህን ስንት ዓመት እንጠብቃት?» ብላ አለቀሰች። ዙህራ የምታለቅሰው ለቅሶ የማን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። አንቺ ስታለቅሺ እኔ አይቼ አላውቅም። የኢልሀምን ለቅሶ ወስጄ አንቺ ዓይን ላይ አደረግኩት፤ አገሩን ሁሉ አስለቀስኩበት።

አንድ ቀን ብትነግሪኝ ኖሮ፣ እትዬ! አንድ ቀን!

አፉ በለኝ ብለሻል። ዛሬ አልችልም። እንዲሁ አፌን ሞልቼ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ በቅቶናል።

ለሐጂ ግን እንዳልሽው ጽፌያለሁ። በሌላ ፖስታ ታሽጎ ከዚህ ጋር ይደርስሻል፤ ሳትከፍቺ ስጪያቸው። የሰርጉን ምዕራፍ ለሬዲዮ ጣቢያው አልሰጥም ብያለሁ። አዘጋጁ «አድማጭ ምን ይለናል?» ብሎ ጮኸብኝ። ይበል።

ፋሩቅ


ፒያሳ፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፋሩቅ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሐጂ ምን አሉ ብለህ ስለላክህብኝ በሱ ልጀምር።

ጁምዓ ዕለት ሦስቱም መጡ፤ የኒካሁን ቀን ሊቆርጡ። ፖስታህን ሰጠኋቸው። ሐጂ ገለባበጡና «መነጽሬን ረስቼ መጥቻለሁ፤ የእነዚህም ዓይን ከእኔ አይሻልም። አንቺው አንብቢልን» አሉ። ሳትከፍቺ ያልከኝን ደብዳቤ ፊታቸው ቀድጄ አነበብኩት።

«ሐጂ፣ እህቴን ሳልጠይቅ ቃል ሰጥቼዎታለሁ። የሰጠሁዎት እኔ በወረቀት ላይ የሠራኋትን ሴት ነው። እህቴ ማንንም አልጠበቀችም። ትዳር ስላልፈለገች አላገባችም፤ ምክንያቷ ይኸው ብቻ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። እዚህ ስደርስ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ኢልሀምን ያህል ሰው በእኔ ምክንያት አጥተህ ጥፋቱ የእኔ ነው ትላለህ! ማንበብ አቃተኝ።

ሐጂ እንባዬን አዩ። ጎናቸው ወዳሉት ሰውዬ ዞረው «አየህ? ወንድሟ ነው የከለከላት። የሷ ልብ ሌላ ነው» አሉ። እጃቸው እንደገና ለዱዓ ሲነሳ አየሁት።

ብድግ አልኩ። «ሐጂ፣ እጅዎን ይመልሱ!» አልኳቸው። ለእሳቸው እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው ያለ አይመስለኝም። «ወንድሜ አልከለከለኝም። አልፈልግም። እኔ መይሙና በገዛ አፌ ነው የምነግርዎት፤ ማግባት አልፈልግም። የማለቅሰው በወንድሜ አዝኜ ነው።»

«ሸምሰዲን ምን አጠፋ፣ ልጄ?»

«ምንም አላጠፋም።»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

«አልፈልግም አለች ይበሉት። ሌላ አይጨምሩበት።»

ከሃያ አራት ዓመት በፊት ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ መጋረጃው ጀርባ ሆነህ ሲያለቅሱ የሰማሃቸው እሳቸው ናቸው። አቀርቅረው «ያኔስ?» አሉኝ። «ያኔም» አልኳቸው። «አባትሽ ታዲያ…» ብለው አቆሙ። «አባዬ አፍሮ ነው፤ እኔም አፍሬ ነው» አልኩ። በር ላይ ሲደርሱ «ስንት ሰርግ ላይ አንቺን ምሳሌ አድርጌ ለልጃገረዶች ተናግሬያለሁ» አሉ። ተቆጥተዋል። ቢሆንም ሳይመርቁኝ አልወጡም፤ ምርቃታቸው ውስጥ ግን እንደ ሁልጊዜው ባል አልነበረበትም። ሸምሰዲንም በማግሥቱ ሰምቷል፤ በሱቄ ሲያልፍ ከሩቅ እጅ ነሳኝ። ዓለምጸሃይ አኩርፋኛለች፤ አንድ ቀን ይወጣላታል።

አሁን ስለ ኢልሀም። ይቅርታ ብዬ ለመጻፍ ነው ያን ሁሉ ወረቀት የቀደድኩት። እኔ በሰላም የኖርኩበት ውሸት አንተን ሰባት ዓመት እንዳሰረህ አላወቅኩም ነበር። አላወቅኩም ማለቱም አያወጣኝም፤ ለምን አታገባም ብዬ ጠይቄህ አላውቅም። ብጠይቅህ መልሱን የማውቀው ይመስለኝ ነበር መሰለኝ። ከሽማግሌ ፊት ቆሜ አልፈልግም ማለት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ ያኔ ብዬው ቢሆን ያቺ ልጅ ዛሬ የወንድሜ ሚስት ነበረች። ሐጂን ሄደው ልጅቷን ይመልሱልን አልላቸው፤ የሰው ትዳር ነው። የሷን ነገር ማንም አይመልሰውም። ይህን ሳስብ ቀኑን ሙሉ ገበር ስቀድ ጠምሞ ይቀደድብኛል።

ዛሬ አፉ አትበለኝ። ካልቻልክ ነገም ተወው። አልቀየምህም፤ አንተን የመቀየም መብት የለኝም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ማግባት ከፈለግህ አግባ። ካልፈለግህም ተው። በእኔ ግን አታሳብብ። እኔ በአንተ አሳብቤ ምን እንዳደረግኩህ አይተኸዋል።

እህትህ መይሙና